በሰም ውስጥ የቆየው የአቶ ከድር ኩላሊት

ጡረታ ከወጣሁ አራት ወር ሆነኝ፤ እጄ ግን ገና አልወጣም። ሽንኩርት ስከትፍ ልጄ አጠገቤ ቆማ «እማዬ፣ ይሄ ለወጥ ነው ወይስ ለማይክሮስኮፕ?» ትለኛለች። እውነቷን ነው። አርባ ዓመት ሙሉ የሰው ሥጋ ከፀጉር አሳስቼ ስቆርጥ የኖርኩ ሴት ነኝ። ሰው ሥራሽ ምንድን ነው ሲለኝ «ላቦራቶሪ» ብዬ አልፈው ስለነበር ደም የምቀዳ ይመስለዋል። እኔ ደም ቀድቼ አላውቅም። ቀዶ ሐኪም ከሰው ገላ ያወጣው ነገር፣ እባጭም ይሁን ማህፀን ወይም ኩላሊት፣ ወደ እኔ ይመጣል። እንዳይበሰብስ ፎርማሊን ውስጥ አጠነክረዋለሁ፣ ሰም አጠጣዋለሁ፣ በማሽን እቆርጠዋለሁ፣ ቀለም አስይዘዋለሁ። ከዚያ በኋላ ፓቶሎጂስቱ በማይክሮስኮፕ አይቶ ካንሰር ነው ወይም አይደለም ይላል። ወረቀቱ ላይ የሚሰፍረው የእሱ ስም ነው። እኔ ካላሳመርኩለት ግን የሚያየው ነገር የለም፤ ይህን ደግሞ ሳልኮራ ተናግሬው አላውቅም።

የጀመርኩት በአንድ የመንግሥት ሆስፒታል ምድር ቤት፣ መስኮት በሌለው ክፍል ነበር። ከስድስት ዓመት በኋላ አለቃችን ዶክተር ነጋሽ ከመንግሥት ሥራ ወጥተው በሲኒማ ራስና በመሳለሚያ መካከል፣ ከብርድ ልብስ መደብሮች በላይ ሁለተኛ ፎቅ ላይ የራሳቸውን ላቦራቶሪ ከፈቱ። እኔንና ጋሽ ዘርጋን ይዘውን ሄዱ። ደመወዙ ትንሽ ተሻለ፤ የምንሞላው ወረቀት ግን ከደመወዙ በልጦ ጨመረ። ዶክተር ነጋሽ ጎበዝ ሐኪም ነበሩ፤ ለዕቃ ግን እጃቸው አይፈታም። አንድ ጊዜ ጓንት አጥቤ እንድጠቀም ጠይቀውኝ «ዶክተር፣ ሳህን አይደለም» ብያቸው ሳምንት ሙሉ ኩርፊያ ሆኖ ነበር።

ጋሽ ዘርጋ መምህሬ ናቸው። ያኔ የመቁረጫው ቢላዋ እንደ ዛሬው አንዴ ተጠቅመው የሚጥሉት አልነበረም። ጠዋት ጠዋት በድንጋይ፣ ቀጥሎ በቆዳ ይስሉታል፤ ከክንዳቸው አንዲት ፀጉር ነቅለው ስለቱ ላይ ያሳርፏታል፤ ካልተቆረጠች ሥራ አይጀመርም። የተቆረጠው ሥጋ የሚንሳፈፍበት የሞቀ ውሃ ሳህን ሲሰበር ዶክተር ነጋሽ ከውጭ እናስመጣለን ብለው መንፈቅ አቆዩን። ጋሽ ዘርጋ ምን አለሽ ተራ ወርደው ለአንድ ባለ ቆርቆሮ ከዘይት ጣሳ አሠሩ፤ ስሱ ሥጋ ጎልቶ እንዲታይ ውስጡን ጥቁር ቀቡት። ያ ሳህን እኔ ስወጣም እዚያው ይሠራ ነበር።

ሌላው ጣጣችን ቦንዳው ነበር። ከታች ያሉት ተሸካሚዎች አንድ ቦንዳ ብርድ ልብስ መሬት ላይ ሲጥሉ ፎቁ ይንቀጠቀጥና በማሽኑ ላይ ያለው ሥጋ ይበጣጠሳል። ዶክተር ነጋሽ ሊከሱ ተነሱ። ጋሽ ዘርጋ ግን ወርደው ተሸካሚዎቹን ሻይ ጋበዙና አንዱን ልጅ ወደ ላይ አምጥተው በማይክሮስኮፕ የሰው ቆዳ አሳዩት። ከዚያን ቀን ጀምሮ ቦንዳ ከመጣሉ በፊት አንዱ «ላይ ቤት፣ እጅ አንሱ!» ብሎ ይጮኻል። እኛ እጃችንን ከማሽኑ እናነሳለን፣ ቦንዳው ይወድቃል፣ ሥራችንን እንቀጥላለን።

ጋሽ ዘርጋ «ናሙና» ብለው አያውቁም። «እንግዳ መጥቷል» ነው የሚሉት። መቁረጥ ሳይጀምሩ የእንግዳውን ስም እስከ አያቱ ጮክ ብለው ያነባሉ፤ መርካቶ ውስጥ ስንት መሐመድ አሕመድ እንዳለ እኛ ነን የምናውቀው። ከዚያ ጎንበስ ብለው ቀዝቃዛው ሰም ላይ «ሃህ» ብለው ይተነፍሱበታል። ትንፋሽ ያገኘው ሰም አይሰነጠቅም፤ ይሄን ከየትም መጽሐፍ አልተማርኩትም። ሦስተኛው ልማዳቸው ደግሞ አንዷን ቁራጭ ሁልጊዜ ሳይቆርጡ በሰሟ ውስጥ ማስቀረት ነበር። «ዛሬ የጠየቁንን መልሰናል» ይሉኛል፣ «ነገ የሚጠይቁንን ግን አናውቀውም። አንዷ ለኋላ ትቆይ።» መሳቢያዎቻችን በዚህ ምክንያት ሞልተው ዶክተር ነጋሽ ያጉረመርሙ ነበር።

ሰማያዊውንም ያሳዩኝ እሳቸው ናቸው። ሥጋው በሦስት ዓይነት ቀለም የሚነከርበት አሠራር አለ። በእሱ ሲነከር የሰውን ሥጋ ደግፎ የሚያቆመው ኮላጅን የሚባለው ነገር ሰማያዊ ይሆናል። አንድ ቀን ሳይወለድ የሞተ ሕፃን ኩላሊት መጣ። ጋሽ ዘርጋ ኮፍያቸውን አውልቀው ነበር የቆረጡት። ጭል ጭል የሚሉ ሰማያዊ ክሮች፣ ገና በመሠራት ላይ ባሉት ቧንቧዎች ዙሪያ ተዘርግተው አየሁ። «ኩላሊት ሲሠራ እንዲህ ነው የሚጀምረው» አሉኝ። ዓይኔን ከማይክሮስኮፑ ላይ ለማንሳት አልፈለግኩም፤ ይህንን ሥራ የወደድኩት ያን ቀን ይመስለኛል።

አሁን ወደሚያመኝ ነገር ልምጣ። ሥራውን ከጀመርኩ አሥራ አምስት ዓመት አልፎኛል፤ ጀማሪ ነበርኩ ብዬ የማመልጥበት በር የለኝም። ዓርብ ከጁምዓ በኋላ ነው። ጋሽ ዘርጋ ታመው ቀርተዋል፤ ዶክተር ነጋሽ ክፍለ ሀገር ናቸው። አንድ ሽማግሌና አንዲት የአሥራ ስምንት ዓመት ልጅ ክዳን ያለው የዘይት ባልዲ ይዘው ደረጃውን ወጡ። ሽማግሌው ሐጂ ሸምሱ ይባላሉ፤ ልጅቷ የወንድማቸው ልጅ ሰሚራ ናት። ባልዲው ውስጥ ያለው የአባቷ የአቶ ከድር ኩላሊት ነው። አቶ ከድር የጨርቅ ነጋዴ ናቸው። በዘር የሚወርድ የኩላሊት በሽታ አለባቸው፤ ኩላሊት በውሃ ከረጢቶች እየተሞላ የሚያብጥበት። ጤነኛ ኩላሊት የጭብጥ ያህል ነው፤ የእሳቸው ባልዲውን ሞልቶታል። መድማት አላቆም ብሎ ነው የወጣው። ቀዶ ሐኪሙ በላከው ወረቀት ላይ አንድ ጥያቄ ብቻ አለ፦ ጥቁር ያለችው ከረጢት ውስጥ ካንሰር አለ ወይስ የለም?

ሐጂ ሸምሱ እጃቸውን ክዳኑ ላይ እንዳደረጉ «እህቴ» አሉኝ፣ «የሰው ገላ ነው፤ መቀበር አለበት። እንዳይቆራረጥብን። እንዳለ መልሱልን።»

«እሺ ሐጂ» አልኩ።

እንዲህ ያለ ትልቅ ነገር ሲመጣ ወዲያው መሐል ለመሐል ይከፈታል፣ ከረጢቶቹ ይቀደዳሉ። ፎርማሊን ከዳር ነው የሚጀምረው፤ መሐሉ ሳይደርስ ሥጋው ይበሰብሳል። ይህንን የአንደኛ ዓመት ተማሪ ያውቃል፤ እኔም አስተምረው ነበር። «ሐጂ፣ ካልከፈትኩት አይታይም፤ ባለቤቱ ራሳቸው ምን ይላሉ?» ማለት ብቻ ነበረብኝ። ይሉኝታ ያዘኝ። በሃይማኖታቸው የገባሁ መስሎኝ፣ የሽማግሌ ቃል ማስደገም አሳፍሮኝ ዝም አልኩ። ካለመናገር ደጃዝማችነት ይቀራል የሚባለው ለካ ለእንደኔ ዓይነቱ ነው። ሰኞ ዶክተሩ ሲመጡ ይወስናሉ ብዬ ኩላሊቱን እንዳለ ፎርማሊን ውስጥ ከትቼ ቤቴ ገባሁ።

ሰኞ ዶክተር ነጋሽ ቢላዋውን ሲያሳርፉበት ሽታው ቀድሞ ነገረን። ዳር ዳሩ ደህና ነው፤ መሐሉ ሟሙቷል። ጥቁሯ ከረጢት የቱ ጋ እንደነበረች እንኳ አይለይም። «ማን ነው ሳይከፍት ያስቀመጠው?» አሉ። «እኔ» አልኩ። ሌላ ጊዜ ለአንድ ጓንት የሚጮኹት ሰውዬ ያን ቀን አልጮሁም። «ለመወሰን አልተቻለም» ብለው ጻፉ።

ከደህናው ዳር ትንሽ ቆርጬ ሰም ውስጥ አስቀመጥኩ። የልማድ ነገር ነው፤ አንዷ ለኋላ። የቀረውን ለሐጂ ሸምሱ ስመልስ ባልዲውን አየት አድርገው «ሁሉም ይኸው ነው?» አሉኝ። «ሁሉም ይኸው ነው» አልኩ። አሁንም ያው ይሉኝታ ነው፤ የመጀመሪያው ሳይበቃኝ።

ጋሽ ዘርጋ በማግሥቱ ሲመጡ ስለ ዓርቡ ጠየቁኝ፤ ሰሟን ግን ለእሳቸውም አልነገርኳቸውም።

«ሐጂው ምን አሉሽ?»

«እንዳይቆራረጥ።»

«አንቺስ?»

«እሺ አልኩ።»

«ከእሺ በፊት ምን አልሽ?»

«ምንም።»

«የተበላሸው እዚያ ጋ ነው» አሉና ካፖርታቸውን አንስተው «ተነሺ፤ እንሄዳለን» አሉኝ። ዶክተሩ ወረቀት ይልካሉ ብዬ ብለማመጥ «ወረቀት አፍ የለውም፤ አንቺ ነሽ የምትነግሪያቸው» ብለው ደረጃውን ቀደሙኝ።

የአቶ ከድር ቤት ከአውቶቡስ ተራ ጀርባ ነው። ፍራሽ ላይ ጋደም ብለዋል፤ ሰሚራ ሻይ ይዛ ቆማለች። አንድም ሳላስቀር ነገርኳቸው፤ ያቺን አንድ ቁራጭ ሰም ግን ዘለልኳት።

«ሸምሱ ወንድሜ ነው» አሉ አቶ ከድር። «ኩላሊቱ ግን የኔ ነበር። ለምን እኔን አልጠየቅሽኝም? ወላሂ፣ ቁረጡ እል ነበር። ተቆራርጦም እኮ ይቀበራል።»

«በይ ሻይሽ ቀዘቀዘ፣ ጠጪ» አሉኝ። ቢሰድቡኝ ይሻለኝ ነበር። መንገድ ላይ ሳለቅስ ጋሽ ዘርጋ መሐረባቸውን ሰጡኝ እንጂ አላጽናኑኝም።

አቶ ከድር ከዚያ በኋላ ሰባት ዓመት ኖሩ። በየጊዜው ይመረመራሉ። አልፎ አልፎ ደረጃችንን እያለከለኩ ወጥተው «ትርሲት፣ ዘንድሮም አልታየም አሉኝ» ይሉኛል። ቀጥለው «እርግጠኛ ግን አይደሉም» ይላሉ። ባሳላቸው ቁጥር፣ ወገባቸውን ባመማቸው ቁጥር እሱ መጣ እያሉ ነው የኖሩት። የሞቱት የቀረው ኩላሊት ደክሞ ነው፤ ካንሰሩ ይኑር አይኑር እስከ መጨረሻው አላወቁም። ይህ የእኔ ሥራ ነው።

ከዚያ ወዲህ ሁለተኛ ጥያቄ ሳልጠይቅ እንግዳ ተቀብዬ አላውቅም። «ባለቤቱ ማን ነው? ራሱ ምን አለ?» እላለሁ። የሚቆጣ ይቆጣል። ጋሽ ዘርጋ ካረፉ በኋላ የመጡት ወጣቶች «ወይዘሮ ሁለተኛ» የሚል ስም አወጡልኝ፤ አልከፋኝም። ሥራዬንም ቢሆን ከዚያ በኋላ ነው በትክክል የቻልኩት። ከሌላ ላቦራቶሪ ተበላሽቶ የመጣ ሰም እኔ ጋ ሲደርስ ይስተካከል ነበር፤ ይህን ሐሰት የሚል ካለ ይምጣ።

ልወጣ ሁለት ዓመት ሲቀረኝ ዶክተር ሕሊና የምትባል ወጣት ፓቶሎጂስት መጣች። የምታጠናው ኩላሊት በማህፀን ውስጥ ሲሠራ የኮላጅን ጂን እንዴት እንደሚሠራ፣ በከረጢቱ በሽታ ጊዜ ደግሞ ምን እንደሚሆን ነው። መጀመሪያ ነገሩ አልገባኝም ነበር። «እትዬ ትርሲት፣ ቤት ሲሠራ የሚቆመውን የባሕር ዛፍ መወጣጫ ያውቁታል አይደል?» አለችኝ። «ቤቱ ሲያልቅ ይነሳል። ሕፃኑ ሲሠራ ጂኑ በርትቶ ይሠራል፣ ኩላሊቱ ሲያልቅ ጋብ ይላል። በዚህ በሽታ ግን ቤቱ ካለቀ በኋላ መወጣጫውን እንደገና ማቆም ይጀምራል፤ የቤቱ ሰዎች መግቢያ እስኪያጡ ድረስ።» ለካ ቀለም ሳስይዝ በከረጢቶቹ ዙሪያ ሳየው የኖርኩት ሰማያዊ ቀለበት እሱ ነው። ሳላውቀው አርባ ዓመት ዐውቀው ነበር ማለት ነው።

ለእሷ ጥናት የድሮው አያያዝ አይበቃም። ጂኑ የሚልከው መልእክት ሥጋው ከሰውነት ከወጣ በኋላ ቶሎ ይጠፋል፤ በቀዶ ጥገናው ክፍል በር ላይ ቆሞ መቁረጥ፣ በልዩ ፈሳሽ ውስጥ መክተት ያስፈልጋል። በሃምሳ ስምንት ዓመቴ እንደገና ተማሪ ሆንኩ። ሳምንት ባልሞላ ጊዜ ግን ዶክተር ሕሊና ሌሎቹን «እሳቸው እንደሚያደርጉት አድርጉ» ትላቸው ጀመር።

ልወጣ ስድስት ሳምንት ሲቀረኝ አንዲት ፊቷ ያበጠ ሴት በየእርከኑ እያረፈች ደረጃውን ወጣች። ሳያት አላወቅኋትም። «ሰሚራ ነኝ፣ የከድር ልጅ» አለችኝ። «እኔም ወረስኩት፣ እትዬ ትርሲት።»

ወንድሟ ነስሩ ኩላሊት ሊሰጣት ነው። እሱ ተመርምሮ ንጹህ ሆኗል። የእሱ ከመግባቱ በፊት ቦታ እንዲገኝ አንዱ የእሷ ኩላሊት ይወጣል። ካንሰር ከተገኘበት ግን የወንድሟ ኩላሊት ይቆያል፤ እስከ መቼ እንደሆነ የነገራት የለም። በሳምንት ሦስት ቀን ማሽን ላይ እየተኛች ደሟን ታሳጥባለች። «እርስዎ እንዲቆርጡት ነው የምፈልገው» አለችኝ።

«ለምን እኔ? አባትሽን እኮ...»

«ለዚያ ነው። እርስዎ ከእንግዲህ የሚሳሳቱ ሰው አይመስሉኝም።»

ሥራ ሥራ ነውና ጠየቅኋት። መቅበር ትፈልጋላችሁ? አዎ። ቆራርጬው? ቆራርጠውት። ለጥናት ትንሽ ብናስቀርስ? «ምን ያህል?» አለች። የጣት ጫፍ የምታህል አሳየኋት። ፈረመችልኝ።

በቀዶ ጥገናው ቀን በሩ ላይ ቆሜ ጠበቅሁ። ኩላሊቱ ገና ሞቅ እንዳለ ተሰጠኝ። ለዶክተር ሕሊና የሚሆነውን በደቂቃ ውስጥ ከተትኩ። ከዚያ መሐል ለመሐል ከፈትኩት፣ አንድ ከረጢት ሳላስቀር ቀደድኩ፣ ሁሉንም በስሱ በስሱ አድርጌ ፎርማሊን አጠጣሁት። ለሦስት ቀን ከእኔ በቀር ማንም እንዳይነካው አደረግኩ። የሠራሁት ስላይድ፣ ሥጋው የሚለጠፍበት መስታወት፣ ትሪ ሞላ። ዶክተር ሕሊና ከማለዳ እስከ ከሰዓት አጎንብሳ አየችው፤ እኔ ከጀርባዋ ቆሜ የጣሳውን ሳህን አሥር ጊዜ አጠብኩ። ቀና ብላ «ንጹህ ነው። የትም የለም» አለች። ወንበር ፈልጌ ተቀመጥኩ።

ቀጥላ ግን እንዲህ አለች፦ «ከዚሁ ቤተሰብ የአባትየውም ቢኖር ኖሮ! የጂኑ መልእክት ቢጠፋ እንኳ ሰማያዊውን በአባትና በልጅ ጎን ለጎን ማየት የት ይገኛል?»

የአቶ ከድር ሰም ያለችበት መሳቢያ ከተቀመጥኩበት ሁለት ክንድ አይርቅም። ዝም ብዬ አውጥቼ ብሰጣት የሚያውቅ የለም፤ ሐጂ ሸምሱ ዐርፈዋል። ዝም ብዬ ብተወውም የሚያውቅ የለም። በማግሥቱ ሰሟን በመሐረብ ጠቅልዬ ከአውቶቡስ ተራ ጀርባ ወዳለው ቤት ሄድኩ። ሰሚራ አባቷ በተኙበት ክፍል ጋደም ብላለች። መሐረቡን ፈትቼ እጇ ላይ አደረግኩላት፤ ከክብሪት ሳጥን ታንሳለች።

«የአባትሽ ናት» አልኳት። «ሁሉም ይኸው ነው ብዬ አጎትሽን ዋሽቻለሁ።»

«ይሄን ሁሉ ዓመት?» አለች።

«ይሄን ሁሉ ዓመት። አሁን ባለቤቷ አንቺ ነሽ። ልትቀብሪያትም፣ ለሐኪሟ ልትሰጫትም ትችያለሽ። ያልሽውን አደርጋለሁ።»

ሰሟን ወደ መስኮቱ ብርሃን ያዘቻት። ተናድዳለች፤ ፊቷ ላይ አየሁት፤ መብቷም ነው። «ያን ቀን ሻይ ይዤ ቆሜ ነበር» አለች። «ቁረጡ እል ነበር ሲል ሰምቻለሁ። እንግዲያው ይቆረጥለት። ግማሹን ብቻ። ግማሹ ከእኔው ኩላሊት ጋር ይቀበር።»

የሥራ ዘመኔ የመጨረሻ እንግዳ አቶ ከድር ሆኑ። ስማቸውን እስከ አያታቸው ጮክ ብዬ አነበብኩ፤ ወጣቶቹ ዘወር ብለው አዩኝ። ሰሙ ላይ ተነፈስኩበት። ሦስተኛው ቁራጭ ላይ ስደርስ ከታች «ላይ ቤት፣ እጅ አንሱ!» ተባለ፤ ለምን እንደሚጮኹ የዛሬዎቹ ተሸካሚዎች የሚያውቁም አይመስለኝም። እጄን አነሳሁ፣ ቦንዳው ወደቀ፣ ቀጠልኩ። ስሱ ሥጋ በጣሳው ሳህን ጥቁር ውሃ ላይ ሳይሸበሸብ ተዘረጋ። በኋላ ቀለሙን አስይዤ ከልጃቸው ስላይድ ጎን ሳስቀምጠው ያው ሰማያዊ ቀለበት በሁለቱም ላይ ነበር። የጥቁሯን ከረጢት ጥያቄ የሚመልስ ነገር አልተገኘም፤ አይገኝምም። ግማሹ ላይ ስደርስ ማሽኑን አቆምኩ።

ሰሚራ ዛሬ የወንድሟ ኩላሊት ተተክቶላት ሱቋን ከፍታለች፤ ባለፈው ሳምንት አልፌ በጨርቅ ዋጋ ተከራክረን ተለያየን። ያኔ ግን ገና ተራዋን እየጠበቀች ስለነበር ቀሪውን ለመውሰድ በመጨረሻዋ የሥራ ቀኔ የመጣው ነስሩ ነው። የእህቱን በክዳን ዕቃ፣ የአባቱን ግማሽ ሰም በነጭ ጨርቅ አድርጌ አስረከብኩት። ሁለቱንም አየት አደረገና እንደ አጎቱ «ሁሉም ይኸው ነው?» አለኝ።

«አይደለም» አልኩት። ከእህቱም ከአባቱም እኛ ጋ የቀረው ምን ያህል እንደሆነ ነግሬው፣ ወደ ውስጥ ይዤው ገብቼ መሳቢያውን ከፈትኩለት።